ጉቶው ሳይሞት ችግኝ አይግዙ፦ የስምጥ ሸለቆን ግራር መልሶ ስለማልማት ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው፦ «ከባቱ ከተማ ወጣ ብሎ፣ በአዳሚ ቱሉ በኩል፣ ቤተሰቤ 3 ሄክታር የሚሆን የሣር መሬት አለው። በልጅነቴ መሬቱ በግራር የተሸፈነ ነበር፤ አሁን ለከሰል ተቆርጦ ከጉቶ በቀር የቀረ የለም። ባለፈው ክረምት ከአጎራባች ዛፎች ፍሬ ለቅመን፣ ዘሩን ፈልፍለን ዘራን። የበቀለው ከመቶው አምስት አይሞላም፤ እሱንም ፍየል ጨረሰው። የትኛውን የግራር ዓይነት፣ እንዴት ብንተክል ይሻላል? ሙጫው ይሸጣል ሲሉም እንሰማለን፤ እውነት ያዋጣል?»

ጤና ይስጥልኝ። እንደ ኪሳራ የጠቀሱት ጉቶ በእኔ ዓይን የመሬትዎ ትልቁ ሀብት ነው። ዘሩንም፣ ዓይነቱንም፣ ሙጫውንም በየተራ እደርስበታለሁ፤ ነገር ግን አንድም ጉድጓድ ከመቆፈርዎ በፊት ጉቶዎቹን ዞረው ይዩልኝ።

በእርስዎ አካባቢ በብዛት የነበረው ግራር አናቱ ጠፍጣፋ፣ ፍሬው እንደ ጥቅልል ሽቦ የተጠማዘዘ፣ የአካባቢው ኦሮምኛ ተናጋሪ ደደቻ የሚለው ነው። የዚህ ዛፍ ኃይል ያለው ከመሬት በታች ነው። በኒጀር፣ በተኔሬ በረሃ፣ በመቶ ኪሎ ሜትሮች ዙሪያ ሌላ ዛፍ በሌለበት ቦታ ብቻውን ቆሞ የኖረ አንድ ግራር ነበር፤ የዚሁ የደደቻ ዘር ነው። እ.ኤ.አ. በ1938 መጨረሻና በ1939 መጀመሪያ ላይ በአጠገቡ የውኃ ጉድጓድ ሲቆፈር ሥሩ ከ30 ሜትር በላይ ወርዶ ከከርሰ ምድር ውኃ ጋር ተገናኝቶ ተገኘ። ያንን ሁሉ ዘመን በረሃውን የተቋቋመው ዛፍ በ1973 በጭነት መኪና ተገጭቶ ወደቀ፤ ግንዱ ዛሬ በኒያሜ በሚገኘው ብሔራዊ ሙዚየም ይታያል። የእርስዎ መሬት ላይ ውኃው ይህን ያህል ሩቅ ስላይደለ ሥሩም እዚያ ድረስ መውረድ ላያስፈልገው ይችላል፤ ሆኖም ከሰል አክሳዩ የወሰደው ግንዱን ነው። ለዓመታት የተዘረጋው ሥር እዚያው አለ፤ አዲስ የተተከለ ችግኝ ደግሞ ያንን ሥር ለማፍራት ስንት በጋ መሻገር አለበት!

ጉቶው በሕይወት መኖሩን ለማወቅ ከመሬት ጋር በተገናኘበት በኩል ቅርፊቱን በቢላዋ ትንሽ ፋቅ ያድርጉ። ከቅርፊቱ በታች ያለው አረንጓዴና እርጥብ ከሆነ ሕያው ነው። ደርቆ ቡናማ ከሆነ፣ ወይም ከሰሉ እዚያው በላዩ ተከስሎ ከተቃጠለ፣ ተስፋ አያድርጉበት። በጣም ያረጁና የወፈሩ ጉቶዎችም ከወጣቶቹ ያነሰ ያቆጠቁጣሉ። ሕያው የሆኑት ግን ዝናብ ባገኙ ቁጥር ዙሪያቸውን ቀንበጥ ያወጣሉ፤ ምናልባት እስከ ዛሬም በየዓመቱ ሲያወጡ ኖረው ይሆናል። እርስዎ ያላዩት ሣሩን አልፎ ብቅ ከማለቱ በፊት ፍየል ስለሚቀነጥበው ነው። በጉልበት ቁመት የቀረ፣ ጫፉ የተጋጠ፣ እንደ እሾህ ክምር የሚመስል ቁጥቋጦ ካዩ እሱ ቁጥቋጦ ሳይሆን እንዳያድግ የተከለከለ ዛፍ ነው።

ሥራው እንዲህ ነው። የተሰነጠቀና የተቦጫጨቀ ጉቶ ካለ ከዝናቡ በፊት በተሳለ መጋዝ ከመሬት አንድ ስንዝር ያህል ከፍ አድርገው፣ ውኃ እንዳይቋጥር ዘንበል አድርገው እንደገና ይቁረጡት። ቀንበጦቹ አንድ ሜትር ገደማ ሲደርሱ ቀጥ ያሉና ጠንካራ የሆኑትን ከሦስት እስከ አምስት ትተው ሌላውን ያንሱ። በቀጣዩ ዓመት ወደ ሁለት ወይም ሦስት ይቀንሷቸው። የቀሩትን ከታች በኩል እስከ ቁመታቸው አንድ ሦስተኛ ድረስ ይግረዟቸው፤ ከዚያ በላይ አይውጡ፤ ምግብ የሚያበጅለት ቅጠሉ ነውና። የተገረዘው እሾሃማ ቅርንጫፍ እንዳይጣል፤ ቆይተን ለአጥር እንፈልገዋለን።

ይህ የእኔ ግኝት አይደለም። አውስትራሊያዊው የግብርና ባለሙያ ቶኒ ሪናውዶ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ በኒጀር የሚተክላቸው ችግኞች በየዓመቱ እየደረቁ ሲያስቸግሩት፣ በየእርሻው መሬት ላይ ተኝቶ የሚታየው ቁጥቋጦ የተቆረጡ ዛፎች ቡቃያ መሆኑን አስተዋለ። ከገበሬዎቹ ጋር እሱን መንከባከብ ጀመረ፤ አሠራሩ ከአንዱ መንደር ወደ ሌላው እየተዛመተ በኒጀር ወደ 5 ሚሊዮን ሄክታር በሚጠጋ መሬት ላይ ዛፍ እንደተመለሰ ይገመታል። በእኛም አገር፣ በወላይታ ሁምቦ፣ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ከ2,700 ሄክታር በላይ የተራቆተ ተራራ በአብዛኛው በዚሁ መንገድ አገግሟል። ሄደው ቢያዩት ከእኔ ጽሑፍ በላይ ያስተምርዎታል።

አሁን ወደ ፍየሉ። እዚህ ላይ በጣም ግልጽ ልሁን፦ መሬቱን ቢያንስ ለሦስት ዓመት ከእንስሳት ንክኪ ነጻ ማድረግ ካልቻሉ ለችግኝ አንድ ብር እንኳ አያውጡ። ብዙ የተከላ ዘመቻ የከሸፈው ችግኙ ደካማ ሆኖ ሳይሆን ከተከላው በኋላ ያለውን በጋ የሚጠብቅ ሰው ስላልነበረ ነው። ፍየልን ግን አልወቅስም። የቤተሰብ ጥሪት ናት፤ በበጋ አረንጓዴ ነገር ካየች ትበላለች። ስለዚህ «ፍየሉን ሽጡ» አልልም፤ መኖውን ወደ እሷ ይውሰዱላት። የተከለለ መሬት በመጀመሪያው ክረምት ሣሩ ራሱ ያስደንቅዎታል፤ እሱን እያጨዱ ቤት ወስዶ መመገብ ይቻላል። ሦስቱን ሄክታር በአንድ ጊዜ መከለል ከከበደ አንዱን ይከልሉ፤ ዛፉ ከፍየል አፍ በላይ ሲሆን ወደ ሁለተኛው ይሻገሩ። ለነጠላ ጉቶና ችግኝ ደግሞ ያ የተገረዘው እሾህ ዙሪያውን ይቆለልበት። ሽቦ ከመግዛት ይህ ይሻላል።

አንድ ነገር ደግሞ ከአጥርም ይቀድማል። መሬቱ በወረቀት የእርስዎ ቢሆንም በበጋ የጎረቤት ከብት የሚያልፍበት ከሆነ፣ ከመከለልዎ በፊት ከአካባቢው ሽማግሌዎችና ከቀበሌው ጋር ተቀመጡ። ከሚታጨደው ሣር ለጎረቤት የሚደርሰው እንዳለ አስቀድሞ ይነገር። ያልተመከረበት አጥር በአንድ ሌሊት ይነሳል።

ወደ ዘሩ ልምጣ። ያለመብቀሉ ሁለት ምክንያት አለው፤ አንዱ ነቀዝ ነው፣ ሌላው የዘሩ ቅርፊት።

ነቀዙ እንቁላሉን የሚጥለው ፍሬው ገና ዛፉ ላይ እያለ ነው። ትሉ ዘሩ ውስጥ ገብቶ ይበላል፤ አድጎ ሲወጣ ክብ ቀዳዳ ትቶ ይሄዳል። መሬት ላይ ወድቆ የከረመ ፍሬ ለቅመው ከሆነ ከግማሽ የሚበልጠው ባዶ ቢሆን አይገርመኝም። ስለዚህ ፍሬው ከአረንጓዴ ወደ ገለባ መልክ ሲለወጥ ዛፉን አራግፈው ወዲያው ይልቀሙ፤ አይቆይ። ዘሩን ፈልፍለው ውኃ ውስጥ ይጨምሩት፤ የሚንሳፈፈው የተበላ ስለሆነ ይጣላል፣ የሚሰጥመው ይቀመጣል። ከአንድ ዛፍ ብቻም አይልቀሙ። ቢያንስ ከ15 ዛፎች፣ ያውም ተራርቀው ከቆሙ፣ የተሰበሰበ ዘር በሽታና ድርቅ ሲመጣ ሁሉም አብሮ የማይወድቅ ልጅ ይሰጥዎታል።

የዘሩ ቅርፊት ውኃ አያስገባም። ይህ ጉድለት ሳይሆን ዛፉ ራሱን የሚያድንበት ብልሃት ነው። ዝናቡ በማይታመንበት አገር ዘሩ ሁሉ በመጀመሪያው ካፊያ ቢበቅል ሁሉም አብሮ ይደርቅ ነበር፤ ስለዚህ ጥቂቱ ዘንድሮ፣ ሌላው በሚቀጥለው ዓመት፣ ሌላው ከዚያም በኋላ ይበቅላል። እንግዲህ ባለፈው ክረምት የዘሩት ዘር ከፊሉ አሁንም አፈሩ ውስጥ በሕይወት ሳይኖር አይቀርም፤ መሬቱን ከከለሉ በመጪዎቹ ዓመታት አንዳንዱን ያዩታል።

እኛ ግን አንድ ላይ እንዲበቅል ስለምንፈልግ ቅርፊቱን ማለስለስ አለብን። ውኃ ያፍሉ፤ ድስቱን ከእሳት ያውርዱት፤ ዘሩን በሌላ ዕቃ አድርገው የፈላውን ውኃ ከዘሩ መጠን አምስት እጥፍ ያህል ያፍስሱበት፤ እስኪቀዘቅዝና ሃያ አራት ሰዓት እስኪሞላው ይተውት። ዘሩን እሳት ላይ ጥዶ ማፍላት ግን መግደል ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በማግስቱ ያበጠው ተዘጋጅቷል፤ ያላበጠውን ለይተው ያንኑ ይድገሙለት። ዘሩ ጥቂት ከሆነ ደግሞ ከሁሉ የሚሻለው የጥፍር መቁረጫ ነው፦ ዘሩ ከፍሬው ጋር ከተያያዘበት ጫፍ በተቃራኒ ያለውን ቅርፊት በጥቂቱ ቆረጥ አድርገው ውኃ ውስጥ ያሳድሩት። አሲድ የሚጠቀሙ የምርምር ጣቢያዎች አሉ፤ በቤት ግን አይሞከር።

ሌላም መንገድ አለ፤ ከፍየሉ ጋር ያስታርቅዎት ይሆናል። ፍየል የደደቻን ፍሬ ስትበላ ሁሉንም ዘር አታደቅም። ከፊሉ በሆዷ አልፎ በበጠጥ ይወጣል፤ ከፊሉንም ስታመነዥክ ትተፋዋለች። በዚህ መሐል ቅርፊቱ ይላላል፣ ገና ያላደገው የነቀዝ ትልም ይሞታል። ስለዚህ የፍየል ጉረኖ ጠርገው የሚያገኙት ዘር ብዙ ጊዜ ከዛፍ ሥር ከተለቀመው ይሻላል። ጉረኖውን ዞረው ከጎኑ የበቀሉትን ትንንሽ ግራሮች ይመልከቱ፤ የጉረኖ አፈር እነሱን ያበቀለው በፍግ ብቻ አይደለም።

የትኛው ዓይነት ነው ለተባለው፣ መሬቱ ራሱ ይመልስልዎታል። ሣር ያለበት፣ አሸዋ ቀመስና ውኃ የማይተኛበት ቦታ የደደቻ ነው። ጨዋማነት ያለውን የሐይቆቹን አካባቢ አፈር ይችላል፤ ፍሬው ከመቶ ከ12 እስከ 18 እጅ ፕሮቲን ስላለው የበጋ መኖ ነው፤ ንብ ይወደዋል። ረጅም ቀጥ ያለ ነጭ እሾህና አጭር ቆልማማ እሾህ አንድ ቅርንጫፍ ላይ ተቀላቅለው ካዩ እሱ ነው። በክረምት ውኃ የሚቋጥር መረሬ ያለበት ዝቅ ያለ ቦታ ካለዎት ደደቻን አያስገድዱት፤ ዋጩ ይተከልበት። ዋጩ ቅርፊቱ ሲነኩት እጅ ላይ ዱቄት የሚተው፣ አበባው ደማቅ ቢጫ የሆነው ነው። በእርሻ ማሳ ውስጥ ከሆነ ደግሞ ከገርቢ የሚወዳደር የለም። ገርቢ በክረምት፣ ሰብሉ ብርሃን በሚፈልግበት ጊዜ፣ ቅጠሉን ያራግፋል፤ በበጋ ይለመልማል። ገበሬው ከሥሩ የሚዘራው በቆሎና ማሽላ የተሻለ እንደሚይዝ ከማንም ሳይማር ያውቀዋል። የሣር መሬት ካሉኝ ግን ዋናዎ ደደቻ ነው።

መጻሕፍትን ሲያገላብጡ አንዱ ዛፍ በሁለት ሳይንሳዊ ስም ቢመጣብዎ አይደናገሩ። እ.ኤ.አ. በ2005 ቪየና ላይ በተደረገ የዕፅዋት ተመራማሪዎች ጉባኤ «አካሺያ» የሚለው ስም ለአውስትራሊያ ዝርያዎች እንዲቀር ተወሰነ፤ በ2011 ሜልቦርን ላይ ጸና። የአፍሪካዎቹ በአብዛኛው በሁለት ተከፈሉ፦ ጥንድ ቀጥ ያለ እሾህ ያላቸው «ቫቸሊያ»፣ ቆልማማ እሾህ ያላቸው «ሴኔጋሊያ» ተባሉ። ደደቻ ሁለቱም ዓይነት እሾህ ቢኖረውም በቫቸሊያ ወገን ነው።

ችግኝ የሚያስፈልግዎት ጉቶም፣ የወፍ ዘራሽ ቡቃያም በሌለበት ክፍት ቦታ ብቻ ነው። በጥር ወይም በየካቲት ይዝሩ፤ በሐምሌ ለተከላ ይደርሳል። የችግኝ ፕላስቲኩ ረጅም ይሁን፤ የግራር ሥር ከቅጠሉ ቀድሞ ወደ ታች የሚሮጥ ነውና አጭር ከረጢት ውስጥ ተጠቅልሎ ይቀራል፤ የተጠቀለለ ሥር ደግሞ ከተተከለ በኋላም አይቃናም። ወደ አፈሩ ከነባር ግራር ሥር የተዛቀ አንድ ሁለት እፍኝ ይቀላቅሉበት፤ ናይትሮጅን ከአየር የሚያስይዙት ጥቃቅን ነፍሳት በዚያ አፈር ይገኛሉ። በአንድ ከረጢት ሁለት ዘር፣ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ ይበቃል። ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ብቅ ይላል፤ ከሁለቱ ደካማውን ይቁረጡት። ሥሩ ከከረጢቱ ሥር ሲወጣ በየሁለት ሦስት ሳምንቱ ከረጢቱን አንስተው የወጣውን ይቁረጡ፤ ካልሆነ መሬት ውስጥ ይገባና በተከላ ቀን ሲነቅሉት ዋናው ሥር ይበጠሳል። በመጨረሻው ወር ውኃውን እየቀነሱ ከፀሐይ ጋር ያለማምዱት። ችግኝ ጣቢያ ውስጥ በምቾት የለመለመ ችግኝ ሲያዩት ያምራል፤ ሜዳ ላይ ግን የሚጸናው ውኃ ማጣትን የለመደው ነው።

ጉድጓዱ ዝናቡ ከመግባቱ በፊት በአርባ ሴንቲ ሜትር ስፋትና ጥልቀት ተቆፍሮ ይጠብቅ። ተዳፋት ካለ ከጉድጓዱ በታች በኩል በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ አፈር ይከመር፤ የሚወርደውን ጎርፍ ይይዝልዎታል። በመጀመሪያው ዝናብ ተደስተው አይትከሉ፤ አፈሩ እስከ ክንድ ያህል ሲረጥብ ይትከሉ። ፕላስቲኩን ሙሉ በሙሉ ያውልቁ። ይህን መጻፍ የሚያስፈልግ አይመስልም ነበር፤ ግን ከነፕላስቲኩ የተተከለና የታነቀ ችግኝ ስንት ጊዜ አይቻለሁ።

በዛፍና በዛፍ መካከል ስምንት ወይም አስር ሜትር ይተዉ። ይህ ሰፋ ብሎ ይታይዎት ይሆናል፤ ነገር ግን የሚፈልጉት ሣርና ግራር አብረው የሚኖሩበትን መሬት ነው። ቦረና ውስጥ እሳት መለኮስ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ በመከልከሉ፣ ግጦሹም በመብዛቱ፣ ቁጥቋጦ ግራር ሣሩን ውጦ ለከብት የማይሆን መሬት ፈጥሯል። ግራር በጎ የሚሆነው በልኩ ሲሆን ነው። በአንጻሩ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ሣሩ ችግኙን ያሸንፈዋል፤ ስለዚህ በዙሪያው አንድ ሜትር እየኮተኮቱ ያጽዱለት። በእነዚህ ዓመታት ከላይ ሲታይ ያደገ አይመስልም። ተስፋ አይቁረጡ፣ በውኃም አያጨናንቁት፤ ወደ ታች እየሄደ ነው።

ስለ ሙጫው አጭር መልስ እሰጣለሁ። ለገበያ የሚፈለገው ጥሩ ሙጫ ከሌላ ዝርያ፣ በእያንዳንዱ አንጓ ላይ ሦስት እሾህ ካለው፣ መካከለኛው ወደ ታች ከሚቆለመመው ግራር የሚገኝ ነው። ሱዳኖች በኮርዶፋን ለዘመናት ከእርሻ ጋር እያፈራረቁ ያለሙታል፤ ዝናቡ ሄዶ ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር ቅርፊቱን በቀጭኑ ልጠው፣ ከሳምንታት በኋላ የጠነከረውን ሙጫ ይለቅማሉ። በእኛ አገር በቦረናና በሶማሌ ክልል በአብዛኛው ራሱ ያነባውን ይለቅማሉ። ዛፉ ምርት የሚሰጠው ከአራት ከአምስት ዓመቱ ጀምሮ ሲሆን አማካዩ በአንድ ወቅት ከአንድ ዛፍ ሩብ ኪሎ ግራም ገደማ ነው። በአምስት ሜትር ርቀት ቢተክሉት በሄክታር 400 ዛፍ፣ ማለትም 100 ኪሎ ግራም ነው፤ ያውም ሙቀትና ድርቅ ሲያስጨንቀው። የእርስዎ መሬት ከ1,600 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነ ያንን ያህል አያስጨንቀውም። ስለዚህ በሙጫ ተስፋ አድርገው አይትከሉ። ፍሬው ለመኖ፣ የተገረዘው ቅርንጫፍ ለማገዶ፣ አበባው ለቀፎ ይበልጥ ያዋጣዎታል። ፍሬውን ለከብት ከማቅረብዎ በፊት ቢፈጩት ዘሩ ውስጥ ያለው ፕሮቲንም ጥቅም ላይ ይውላል።

«ቶሎ የሚያድግ ግራር» ብለው ፕሮሶፒስ የሚባለውን መጤ ዛፍ የሚያቀርቡልዎ ካሉ ግን አይቀበሉ። እሾሁ ያመሳስለዋል እንጂ ከእኛ ግራር ወገን አይደለም። በአፋር፣ በአዋሽ ዳርቻ፣ ለመልካም ተብሎ ገብቶ የግጦሹን ሣርና ነባሩን ግራር ያጠፋው እሱ ነው፤ አንዴ ከያዘ ጉቶውን ከሥሩ ሳይነቅሉ አይለቅም።

ለጊዜው ሥራዎ ቢላዋ ይዞ መዞር ነው። ሕያው ጉቶዎቹን ቆጥረው ቁጥሩን፣ ውኃ የሚተኛበትን ቦታ ስፋት፣ እንዲሁም የአንድ ቅርንጫፍና የአንድ ፍሬ ፎቶግራፍ ቢልኩልኝ ችግኝ ያስፈልግዎት እንደሆነ፣ ካስፈለገም ስንት እንደሆነ እነግርዎታለሁ። በሄክታር ከመቶ በላይ ሕያው ጉቶ ካገኙ አንድም አያስፈልግዎትም።